ገለባ የሚበላበት ጀልባ

ጋሽ ጉደታን ያገኟቸው ጎሕ ሲቀድ መረባቸውን ሊያወጡ የወረዱ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ባቱ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር፣ የጀልባ ማኅበሩ መጠለያ ደጃፍ ላይ በደረታቸው ተደፍተው ነበር። ማጅራታቸው ላይ ተፈንክተዋል፤ አጠገባቸው መቅዘፊያ ወድቋል። የሚጠብቁት ጀልባ የለም። የታሰረበት ሰንሰለት አልተሰበረም፤ ጓጉንቸሩ በወጉ በቁልፍ ተከፍቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ወሩ መስከረም ነው።

ሽማግሌው ተረፉ፤ ተመስገን ነው። ግን የተመቱት ከኋላ ስለሆነ ማን እንደመታቸው አላዩም። ቁልፉ ደግሞ ይገኝ የነበረው አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ የጀልባው ነጂ ፉፋ ኪስ። ፉፋ "በዚያ ምሽት ቤቴ ነበርኩ፣ ከባለቤቴ ጋር" አለ። የሚስት ምስክርነት ማን ይሰማል? ነፍሰ ጡር ሚስቱ ሃዊ እያለቀሰች ፉፋ ታሰረ፤ እሱ እስር ቤት እያለ እሷ ወንድ ልጅ ወለደች። ጀልባው ግን የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ። የባቱ ፖሊሶች በማዶው ዳርቻ ጀልባ የተጎተተበትን፣ አንድ ሰው ብቻ ከውኃው የወጣበትንና የጭነት መኪና ጎማ ያረፈበትን ጭቃ አገኙ እንጂ ሌላ ፍንጭ አላገኙም።

እኔ መሳይ ነኝ፣ የአዳማ ፖሊስ ኢንስፔክተር። ጉዳዩ የባቱ ባልደረቦቼ እንጂ የእኔ አልነበረም። የእኔ ያደረጉት አንድ ነዝናዛ ሽማግሌ ናቸው፤ እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

*

አቶ ወልደአማኑኤል ቢሮዬ የገቡት ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ጉምሩክ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ልጆቻቸው አርፈው ይቀመጡ ሲሏቸው እሳቸው ቆቃ ላይ ሰው የሚያንሸራሽር ጀልባ ሊገዙ ተነሥተዋል።

"ልጄ፣ አንድ ጀልባ እንድታይልኝ ነው የመጣሁት" አሉኝ።

"አባቴ፣ እኔ ስለ ጀልባ ምን አውቃለሁ?"

"እኔስ ምን አውቃለሁ? ስለማላውቅ አይደል የጠረጠርኩት! ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር።"

ሳጅን ቦንቱ ከጠረጴዛዋ ማዶ ሳቀች። ቦንቱ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ከእኔ በማዕረግ ታንሳለች፣ አንቱ ግን ብላኝ አታውቅም። "ሂድ እንጂ ኢንስፔክተር" አለችኝ። "እዚህ ተቀምጠህ እኔ ላይ ከምትነጫነጭ ጀልባው ላይ ተነጫነጭ።"

ሦስታችንም ሄድን። ጀልባው አዳማ ዳርቻ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ተጎታች ላይ ቆሟል። ቀለሙ ገና ያብረቀርቃል። ሻጩ ሙሉብርሃን ያገለገሉ ሞተሮችን እየጠገነ የሚሸጥ ትሑት ሰው ነው፤ ፖሊስ መሆናችንን ሲያውቅ እንኳ ፊቱ አልተለወጠም። የጉምሩኩንም የምዝገባውንም ወረቀት አውጥቶ ሰጠን።

አቶ ወልደአማኑኤል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ወረቀቱ እንከን የለውም። እንዲህ ያለ ወረቀት ሳይ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። እኔን የከነከነኝ ጀልባው ነው።"

ታርጋውን አሳዩኝ። ታርጋው አሮጌ ነው፤ የተመታበት የሪቬት ምስማር ግን እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ከታርጋው ጎን ደግሞ በስቱኮ የተደፈኑ ቀዳዳዎች አሉ፤ ድሮ ሌላ ታርጋ የነበረበት ቦታ ይመስላል። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ኋላ ዞሩና ሞተሩ ከሚታሰርበት አጠገብ ጎንበስ አሉ።

"መኪና ስትገዛ ሻንሲ ቁጥር ታያለህ አይደል? ጀልባም አለው። ሲሠራ እዚህ ቀኝ ጥግ ላይ ፋይበሩ ላይ ይታተማል። እስቲ ዳስሰው።"

ዳሰስኩት። ልሙጥ ነው። በጣታቸው አንጓ ጎኑን ሲያንኳኩት ጮኸ፤ ጥጉን ሲያንኳኩት ግን ድፍን ድምፅ ሰጠ።

ሙሉብርሃን ከኋላችን ሳቀ። "ጋሼ፣ ጀልባ ነው ሙሽራ የሚመርጡት?"

"ሙሽራማ ብትሆን እስከ ሰባት ቤት ዘሯን ቆጥሬ ነበር" አሉት። "ለመሆኑ ይችን ከማን ገዛህ?"

"ላንጋኖ ካለ ሎጅ። ወረቀቱ ላይ አለልዎት።"

"እንግዲያው ዘመዶቿን ልጠይቅ እሄዳለሁ" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር፤ የሚሰማ ቢኖር።

*

የሎጁ ኃላፊ ዙለይካ ትባላለች። ወረቀቱን አየችና ሳቋ አመለጣት።

"ይህን ጀልባ ነው ልትገዙ የመጣችሁት? ኑ፣ ላሳያችሁ።"

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወሰደችን። እዚያ የጀልባ ግማሽ፣ የኋላው ግማሽ፣ መሬት ላይ ተጋድሟል። ገለባ ሞልቶበታል። አንዲት ጥጃ አንገቷን ከትታ ትበላለች።

"ድንጋይ ላይ ወጥቶ ለሁለት ተሰነጠቀ" አለች ዙለይካ። "ሙሉብርሃን ሞተሩን ፈልጎ መጣ፤ ወረቀቱንም ታርጋውንም አብራችሁ ስጡኝ አለ፤ ምን ይሠራልናል ብለን ሰጠነው። አጠፋን እንዴ?"

አቶ ወልደአማኑኤል መሐረባቸውን አውጥተው የጀልባውን ጥግ ጠረጉ። የታተመው ቁጥር ብቅ አለ። ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አነጻጸሩት፤ ያው ራሱ ነው። ጥጃዋ እጅጌያቸውን ትልሳለች።

"አየህ ልጄ" አሉኝ ቀና ብለው። "እኔ የዚችን ጥጃ ገበታ ልገዛ ነበር።"

ቦንቱ ግን አልሳቀችም። "ኢንስፔክተር፣ የዚህ ወረቀት ጀልባ ይሄ ከሆነ፣ አዳማ የቆመው የማን ነው? ባቱ የጠፋውስ?"

በዚያው ቀን አዳማ ተመልሰን ጥጉ ላይ ያለውን ስቱኮ አስፋቅን። ከሥሩ የወጣው ቁጥር በባቱ ፖሊስ ዘንድ ከተመዘገበው ከተሰረቀው ጀልባ ቁጥር ጋር ገጠመ።

*

ሙሉብርሃን አልሸሸም፤ አልካደም። አንገቱን ደፋ።

"ስግብግብነት ነው ያጠፋኝ" አለ። "እጄ ላይ ጀልባ የሌለው ወረቀት ነበረ። አንድ ልጅ ደግሞ ወረቀት የሌለው ጀልባ ይዞ መጣ። የተሰረቀ መሆኑን ጠርጥሬያለሁ፤ ግን ዝም አልኩ። ለዚህ የሚገባኝን ልቀጣ።"

"ልጁ ማን ነው?"

"ፉፋ የሚባል፣ የባቱ ልጅ። የማኅበራቸውን ሞተር የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ እንተዋወቃለን።"

ቦንቱ ቀና ብላ አየችኝ። ሞተር የሚጠግን ሰው ቁልፍ እጁ ይገባል። ቁልፍ ደግሞ ይቀረጻል።

"ያን ዕለት የት ነበርክ?" አልኩት።

"ዱከም። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር፤ እዚያው አደርኩ። ደግሞስ እኔና ውኃ ምንና ምን? ዋና አልችልም። ጀልባ እሸጣለሁ እንጂ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። የፈለጋችሁትን ሰው ጠይቁ።"

ጠየቅን። ዱከም ሄደን የሰርጉን ቪዲዮ አየን፤ ሙሉብርሃን በምሳ ሰዓት ትከሻውን እየሰበቀ ይጨፍራል። የአክስቱ ልጅ "እዚሁ ነው ያደረው፣ በማግስቱም መልስ ላይ አብሮን ነበር" ብሎ ማለ። የአዳማ ጎረቤቶቹም፣ የሥራ ወዳጆቹም አንድ ቃል ተናገሩ፦ ሙሉብርሃን ከሐይቅ የሸሸ ነው፤ ቆቃ ሽርሽር ሲሄዱ እንኳ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ልብስ ይጠብቃል። ሌባው ደግሞ ያን ምሽት ጀልባውን ብቻውን እየነዳ ሐይቁን ተሻግሯል። ይህን የሚችለው ጀልባ ነጂ ነው። ፉፋ!

ሙሉብርሃን የተሰረቀ ዕቃ በመግዛት ብቻ ተጠርጥሮ በዋስ ወጣ። ፉፋ ላይ ግን አሁን ሻጭ ነው የሚል ምስክር ተጨመረበት። ጉድ እኮ ነው! ጀልባውን ያገኘሁት እኔ፣ ገመዱን ያጠበቅሁበትም እኔ።

ሃዊ ጀልባው መገኘቱን ሰምታ ልጇን አዝላ ከባቱ በአውቶቡስ መጣች። በሩ ላይ ቆማ እንደ በዓል ቀን ፈገግ አለች።

"ተገኘ አሉኝ ጌታዬ። እንግዲህ ፉፋ ይወጣል አይደል?"

እውነቱን ነገርኳት። ሌላ ምን ላድርግ? ቁጭ አለች። ልጁን ከጀርባዋ አወረደችውና ጡቷን ሰጠችው።

"ስም አላወጣንለትም" አለች። "አባቱ አቅፎት ያውጣለት ብዬ ነው። ይሁን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጀልባው እንኳ ተገኘ።"

ምኑ ነው የሚመሰገነው! ብዬ ልጮኽባት ምንም አልቀረኝም። ያልጮኽኩት ቦንቱ እግሬን በጠረጴዛው ሥር ስለረገጠችኝ ነው።

*

ከዚያ ወዲያ ያደረግሁት ተስፋ የቆረጠ ፖሊስ የሚያደርገውን ነው፤ የጠየቅሁትን ሰው እንደገና መጠየቅ። ሙሉብርሃን ቤት ስንሄድ እሱ አልነበረም። ባለቤቱ ቤዚ ሳሎኑ መሐል አንድ ትልቅ ጃንጥላ ዘርግታ አቧራውን በብሩሽ ትጠርጋለች። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን በወርቃማ ዘርፍ ያጌጠ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ዓይነት።

"ሲያምር!" አልኳት። "የማን ስለት ነው?"

"የሙሉ ነው። መስከረም ላይ ነው የተሳለው። ለገብርኤል ንግሥ ራሱ ያስገባዋል። ሁሩታ ሄዶ፣ አርሲ።"

"ምን ሆኖለት ነው?"

"ለኔም አልነገረኝም። ቀኑ ሲደርስ ትሰሚዋለሽ አለኝ። በኋላ ደግሞ አንቺ አትምጪ አለኝ።" ቅሬታዋ ፊቷ ላይ ይታያል።

"አዳማ ገብርኤል የለም እንዴ?"

"እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው! እዚሁ ደጃችን እያለ። ሁሩታ ይሻለኛል አለ። እዚያ የምናውቀው አንድ ሰው የለንም።"

መኪና ውስጥ እንደገባን ቦንቱ ተናደደችብኝ። እሷ የወንጌላውያን ቤተሰብ ልጅ ናት። "አሁን ስለ ጃንጥላ ምን ያስወራሃል? ጃንጥላ ወንጀል አለበት?"

"ቦንቱ፣ እናንተ ጌታ ይህን አደረገልኝ ብላችሁ ስትመሰክሩ ሰው ወደማያውቃችሁ ከተማ ትሄዳላችሁ?"

"ኧረ በኢየሱስ ስም! ጎረቤት ካልሰማው ምኑን ምስክርነት ሆነ?"

"እኛም እንደዚያው ነን። ስለት ሲገባ ዘመድ አዝማድ አብሮ ሄዶ እልልታውን ያቀልጠዋል። ቁልቢ ቢሄድ ይገባኛል፤ አገር የሚሄድበት ነው። ሚስቱን እንኳ ትቶ ሁሩታ የሚሄድ ሰው ግን ማመስገን ፈልጓል፤ መሰማት አልፈለገም።"

"እንግዲያው ዝም ብሎ አይሰጥም?"

"በሕዝብ ፊት እመሰክራለሁ ብሎ ከተሳለስ? ስለት እንደ አፉ ነው የሚገባው። ያጎደለ ሰው እንቅልፍ የለውም።"

ቦንቱ ጎንበስ ብላ ልብሷን አየች። "ነጠላ አለህ የምታውሰኝ?" አለች።

*

ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ሁሩታ ነጭ በነጭ ሆና ዋለች። ገበሬው ከየአውድማው ተነሥቶ መጥቷል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ መርፌ መጣያ የለም። እኔና ቦንቱ ዐውደ ምሕረቱ አጠገብ ካለ ዋርካ ሥር ቆምን።

ባለስለቶቹ በየተራ ይወጣሉ፤ ድምፅ ማጉያውን የያዙት አባት የሆነላቸውን ያሰማሉ። አንዲት ሴት ከአሥር ዓመት በኋላ ልጅ አግኝታ መጋረጃ አመጣች። እልልታ። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸው በርቶላቸው ሻማ አመጡ። እልልታ። ከዚያ ቀይ ከፋይ ጃንጥላ የያዘ ሰው ወጣ። አንገቱን ቀብሯል። ሙሉብርሃን ነው።

"ምእመናን ስሙ!" አሉ አባ። "ይህ ወንድማችሁ ዋና አያውቅም። በዘንድሮው መስከረም፣ በምሽት፣ በሐይቅ መሐል ማዕበል ተነሣበት። ሞተሩ ጠፋ፣ ጀልባው ውኃ ሞላ። ብቻውን ነበር። ገብርኤል ሆይ፣ ካወጣኸኝ ጃንጥላህን ይዤ በሕዝብህ ፊት እመሰክራለሁ ብሎ ተሳለ። ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣ መልአክ ይህንንም ከውኃ አወጣው! እልል በሉ!"

አገሩ በእልልታ ተናጋ። ዞር ብዬ ቦንቱን ባያት እሷም ሳታስበው እልል ብላለች። እኔስ? ያን ሰው ከሞት ያወጣውን አምላክ በሙሉ ልቤ አመሰገንኩ፤ ሰምጦ ቢሆን ኖሮ ፉፋን የሚያወጣው ማን ነበር?

እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ጃንጥላውን አስረክቦ፣ ደጁን ተሳልሞ ሲወጣ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

"እንኳን አደረሰህ፣ ሙሉብርሃን።"

ፊቱ አመድ መሰለ። "እንኳን አብሮ አደረሰን።"

"ስለትህ ሰምሮልሃል። ለመሆኑ ከየትኛው ሐይቅ ነው ያወጣህ?"

ነጠላውን ወደ አፉ ሳበ።

"ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም ብለኸኛል። ቃልህ ተጽፏል፣ ፈርመህበታል። አሁንም ያንኑ ልትል ትችላለህ። እዚሁ ደጁ ላይ ሆነህ፣ ገብርኤል ከምንም አላወጣኝም በለኝ፤ እኔም ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።"

አፉን ከፈተ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዞሮ አየ፤ ምእመናኑ ገና ይዘምራሉ። አፉን መልሶ ገጠመ። እንባው ዱብ ዱብ አለ።

"ይህንንማ አልልም" አለ። "እናንተን ዋሽቻለሁ። እሱን ግን አላስዋሽም።"

ዋርካው ሥር ተቀምጦ ሁሉንም ነገረን። ሞተሩን ሲጠግን ቁልፉን አስቀርጿል። ከሰርጉ ከሰዓት በኋላ ሹልክ ብሎ ወጥቶ ባቱ ሄዷል፤ የአክስቱ ልጅ የዋሸለት፣ ሴት ወዳጁ ጋ የሄደ መስሎት ነው። ጀልባውን የሚነዳለት ሰው ቀጥሮ ነበር፤ ሰውየው ፈርቶ ቀረበት። መኪናው ግን ማዶ ቆሞ ይጠብቃል። ጋሽ ጉደታ ድምፅ ሰምተው ብቅ ሲሉ በመቅዘፊያው መታቸውና በድንጋጤ ራሱ ጀልባው ላይ ዘሎ ወጥቶ የሚያውቀውን ሞተር አስነሣ፤ ሞተሩ መሐል ላይ ሲጠፋበት ማዕበሉ ገፍቶ ማዶ አደረሰው።

"ሽማግሌው እንዳይሞቱም አብሬ ለምኛለሁ" አለ። "ሁለታችንንም ነው ያተረፈን።"

"ስለ ፉፋስ?" አለችው ቦንቱ።

"ስለ ፉፋ አልለመንኩም" አለ።

*

የመኪናውን ሹፌር ስም ሰጠን፤ ሹፌሩም አመነ፤ የአክስቱ ልጅም ቃሉን አስተካከለ። ሙሉብርሃን ጉዳዩ ወደሚታይበት ወደ ባቱ ተዛወረ። ገና ሳይደርስ ፉፋ እንዲፈታ ታዘዘ።

የተፈታ ዕለት ማንም ሳይጠራን እኔም ቦንቱም ባቱ ሄድን። አቶ ወልደአማኑኤል ከአዳማ ቀድመውን መጥተዋል። ጋሽ ጉደታ ራሳቸውን በሻሽ አስረው፣ በከዘራ ተደግፈው ቆመዋል። ፉፋ ከበሩ ሲወጣ ሽማግሌው ከዘራቸውን ጥለው አቀፉት፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ሁለቱም አለቀሱ። ሃዊ ልጁን ሰጠችው። ነጂ አይደል፣ እንደ ጀልባ መሪ በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘውና ሁላችንን አሳቀን። ሃዊ አንድ በአንድ እየዞረች "ገለቶማ፣ ገለቶማ" አለችን። አቶ ወልደአማኑኤልን ስታመሰግን "እኔ ምን አደረግሁ? ጀልባ ልገዛ ነው የመጣሁት" አሉና መሐረባቸውን ፈለጉ።

ፉፋ ወደ እኔ መጣ። "ኢንስፔክተር፣ ሰውየውን ማየት እችላለሁ?"

ፈራሁ። ወጣት ነው፤ ያለ ጥፋቱ ታስሯል፤ እጁን ቢሰነዝርስ? ግን ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አላየሁም። ወሰድኩት። ሃዊም ተከተለች።

ሙሉብርሃን ከፍርግርጉ ማዶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ፉፋን ሲያይ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

"አትፍራ" አለው ፉፋ። ልጁን እንዳቀፈ ነው። "ላመሰግንህ ነው የመጣሁት። ስለትህን ብታስቀረው ኖሮ ይህን ልጅ አላቅፈውም ነበር።"

ሙሉብርሃን ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎተተና ከሥሩ ሲንሰቀሰቅ ሰማነው።

ፉፋ "ቤተሰብህ አዳማ ነው አይደል? ሩቅ ነው። ስንቅ ማን ያመጣልሃል?" አለው።

ሙሉብርሃን ጋቢው ውስጥ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ሃዊን አየኋት። ሦስት ወር ሙሉ ነፍሰ ጡርም አራስም ሆና የዚህን ሰው ኃጢአት የተሸከመችው እሷ ናት፤ እምቢ ብትል ማን ይፈርድባታል? ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ፍርግርጉን አየች፣ ባሏን አየች፣ ልጇን አየች። ከዚያ መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና ወደ ሙሉብርሃን ዞረች።

"የእናንተ የነቢያት ጾም ገና አልተፈታም" አለችው። "ሽሮ ነው የማመጣልህ።"